ልብሷ ላንድሮቨር፣ አጥንቷ ቶዮታ

የተወለድሁት ሰከላ ወረዳ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ መንደር ነው። ያሳደገኝ ድንችና ገብስ ነው፤ እንጀራዬ ግን የወጣው ከብረት ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባትላሜራ ከሆንሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል። ባትላሜራ የምንባለው የተጨማደደ ላሜራ አቃንተን፣ የበሰበሰውን ቆርጠን፣ በምትኩ አዲስ ለብጠን ለቀለም ቀቢ የምናስረክብ ሰዎች ነን። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ላሜራ መቺ እንደ ማለት ነው። በአማርኛ ከተጠራ ግን ያው ቀጥቃጭ ነው። እናቴን ያስለቀሳት ይህ ቃል ነው።

በ1988 ዓ.ም. ትምህርቴን አቋርጬ ጋራዥ መግባቴን የሰማች ጊዜ እስከ ጥሊሊ በእግሯ፣ ከዚያ በመኪና ተሳፍራ መጣች። እጄን ይዛ አገላብጣ አየችው። ‹‹ልጄ፣ የአባትህ መሬት ሳለ ብረት ቀጥቅጠህ ልትበላ ነው?›› አለችኝ። በእኛ አገር ማረሻ የሚሠራልን፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚያወጣልን ሰው ቡዳ ተብሎ ይታማ ነበር። ቤቱ ከመንደሩ ጫፍ ነው፤ ልጁን የሚያገባ፣ ልጁን የሚድርለት የለም፤ እሱ ሲያልፍ ሕፃን ይሸፈናል። እኔም በልጅነቴ በሰፈራችን ቀጥቃጭ ደጅ ሳልፍ ፊቴን በጋቢዬ ጫፍ ሸፍኜ ነበር የምሮጥ። ዛሬ ሳስታውሰው ያመኛል። የዚያን ቀን አለቃዬ ከሥራው ተነሥቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ለእናቴ ወንበር አቀረበላትና ‹‹እትየ፣ ልጅዎን አላበላሸሁትም። ጌታችንም ያደገው በጠራቢ ቤት ነው›› አላት። አልተጽናናችም፤ ግን ዝም አለች።

ይህን ስድብ ዳግማዊ ምኒልክ በአዋጅ ከልክለውት እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ዘመኑ 1900 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው አገሪቱን ማረሻ የሚሠራላት እንኳ ሊያሳጣት ነው ብለው ነው የተቆጡት። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ወገን የመጀመሪያዋን መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው። ሁለቱን ነገር አያይዞ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም፤ ለእኔ ግን አንድ ታሪክ ናቸው። መኪናዋና ለሠራተኛው የተነገረው አዋጅ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። መኪናዋ በረታች፤ አዋጁ ግን እኛ ቀበሌ ለመድረስ ብዙ ዘገየ።

ወደ ጎጃም መኪና በርከት ብሎ የገባው ከጣሊያን ጦር ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስን ከያዘ በኋላ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን ትልቁን ፊያት ይዞ በደንበጫና በቡሬ በኩል መንገድ እየጠረገ ወደ ሰሜን ገፋ። አርበኛው መንገዱን ይቆርጣል፣ ጣሊያን መልሶ ይቀጥላል፤ አምስት ዓመት በዚህ አለፈ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ዊንጌት የሚመራው የጌድዮን ጦርና የጎጃም አርበኞች ሲያስጨንቁት የቡሬው የጣሊያን ጦር ምሽጉን ለቅቆ ወደ ደንበጫና ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ከሱዳን የመጡት በግመል ነው፤ የሸሹት በመኪና ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ መንገድ አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ወጀት ትባል የነበረችው ከተማችንም ፍኖተ ሰላም ተባለች።

ጦሩ ሲሄድ ቃላቱ እኛ ዘንድ ቀሩ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ባልስትራ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፤ ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምንጠራው ይህንኑ ነው። የአለቃዬ አለቃ ሙያውን የተማረው ከጦርነቱ በኋላ አዲስ አበባ ቀርቶ ጋራዥ ከከፈተ ጣሊያናዊ ነው። ስለዚህ እኔ ከዚያ ሰው ሦስተኛ ነኝ። አለቃዬ ላሜራ ሲመታ መዶሻውን ከአንጓው እንጂ ከትከሻው አያነሣም፤ ያን አመታት ከማን እንደወረሰው ሳስብ ይደንቀኛል። ሙያ ከጠላት እጅም ቢሆን ይወሰዳል።

የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ዋናው መንገድ ቀስ በቀስ ተስተካከለ፤ ኤንትሬ የምንለው ፊያትም በላዩ ነገሠ። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚገባው ግን ላንድሮቨር ነበር። በልጅነቴ ሰከላ ውስጥ የሞተር ድምፅ ከተሰማ ላንድሮቨር ነው፤ ወይ የወባ መድኃኒት ረጪ ይዞ መጥቷል፣ ወይ ሹም። አውሮፓውያኑ ፔድሮ ፓኤዝ በ1610፣ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. የግሽ ዓባይን ምንጭ ባዩበት ዘመን መንገዱ የበቅሎና የእግር ነበር፤ ከእነሱ በኋላም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ለአብዛኛው ሰው ያው በቅሎና እግር ነበር።

ላንድሮቨርን ልዩ የሚያደርገው ልብሱ ነው። በ1940 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲያወጡት የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ገና ማለፉ ነበር፤ ብረት በራሽን ነው የሚገኘው። ስለዚህ አካሉን በአሉሚኒየም ሠሩት፤ ሻንሲውን ግን በብረት፣ እንደ ሳጥን ውስጡ ባዶ አድርገው። አሉሚኒየም አይዝግም። ሻንሲው ግን በባዶው ሆዱ ጭቃና ውኃ ይዞ ይከርማል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። ክረምታችንን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በላንድሮቨር ልብሱ ሳያልቅ አጥንቱ ያልቃል። በቶዮታ ላንድ ክሩዘር የተገላቢጦሽ ነው፤ ካቢናው ሲዝግና ሲቀደድ ሻንሲው ገና ጎረምሳ ነው።

ከሠራኋቸው ሁሉ ከልቤ ያልወጣችው አንዲት ላንድሮቨር ፒክአፕ ናት። በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በአይሱዙ ተጎትታ ደረሰችን። ባለቤቷ የግሽ ዓባይ ነጋዴ ነው። አባቱ ከሐራጅ የገዛት መኪና ናት፤ ድንች ከሰከላ ስታወርድ፣ ጨውና ዘይት ወደ ሰከላ ስታወጣ የኖረች። ጥር 13 ቀን የአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል ሲደርስ ተሳላሚ ትጭናለች፤ የኋላ ስፖንዳዋ ላይም የጻድቁ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሻንሲዋ የኋላው ባልስትራ ከሚታሰርበት አጠገብ ተሰብሮ ካሶኒዋ ጎማው ላይ ተቀምጦ ነበር። አለቃዬ ከሥሯ ገብቶ በመዶሻ ሲነካካት የረገፈው ዝገት ቁና ይሞላል። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ተበይዳለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ከብየዳው አጠገብ ተሰብራለች። ብረት ሲበየድ ከብየዳው ጎን ያለው ይደርቃል፤ በኮረኮንች ላይ የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው።

ባለቤቷ ገና ሳንናገር ‹‹ጋሼ፣ ሽጣት እንዳትለኝ። አባቴ በሷ ነው ያሳደገን›› አለ።

በዚያ ሰሞን ደብረ ማርቆስ አካባቢ የተገለበጠ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ፣ 47 የምንለው፣ ለሽያጭ ወጥቶ ነበር። ካቢናው እንደ ጣሳ ተጨፍልቋል። በጣራው የተገለበጠ መኪና ግን ሻንሲው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጣመመው ከፊት ወይም ከጎን የተመታው ነው። ባለ ስድስት ፒስተን የናፍጣ ሞተሩም ይነሣ ነበር። አመጣነው። ራቁቱን አራት ጉቶ ላይ አስቀመጥነው፤ ከአራቱ ማዕዘን ቱንቢ ጥለን መሬት ላይ ምልክት አደረግን፤ ከምልክት ወደ ምልክት በሰያፍ ሲባጎ ወጠርን። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከመጡ ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው። እኩል መጡ።

ጭንቁ የመጣው ከልኬቱ ነው። ላንድሮቨሯ ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር 2 ሜትር ከ77 ናት፤ ቶዮታው 2 ሜትር ከ95 ነው። 18 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ያህል ልዩነት። ካቢናውን ከፊት ጎማ ጋር ብናስተካክል የኋላው ጎማ ከካሶኒው ቅስት ይወጣል። በዚያ ላይ የቶዮታው ሞተር በሁለት ፒስተን ስለሚረዝም እግር ማስቀመጫው ድረስ ይገባል። ሊያዩ የመጡ ባለሙያዎች ሁሉ ‹‹ሻንሲውን ቁረጥና አሳጥረው›› ነው የሚሉት። አለቃዬ ሻንሲ አይቆርጥም። ሰው የሚጭን መኪና አጥንቱ በብየዳ ከተቀጠለ ገደል ላይ እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚይዘው ይላል። ሦስት ቀን ሁለቱን መኪና ጎን ለጎን አቁሞ ሲያይ ዋለ። እኛ ሌላ ሥራ ሠራን። በአራተኛው ቀን ጠዋት በእጁ ስንዝር ከፊት ፓራፋንጎውና ከበሩ መካከል ለካና ‹‹ስንዝሯን አንገቷ ላይ እንጨምርላት›› አለን።

ይህን የሰማሁበትን ጠዋት አልረሳውም። አፍንጫዋን ከፊት ጎማው ጋር ትተን ካቢናዋን በስንዝር ወደ ኋላ ብንገፋት ሞተሩ ቦታ ያገኛል፤ ካሶኒውም አብሮ ይሄድና የኋላው ጎማ በትክክል ከቅስቱ ሥር ይገባል። አንዲት ስንዝር ሁለቱንም ችግር ትፈታለች።

ከዚያ ሥራው ሁለት ወር ወሰደ። መጀመሪያ ልብሷን ገፈፍን። ካቢናዋን ያነሣነው በክሬን አይደለም፤ ሁለት ወፍራም ባሕር ዛፍ በመስኮቷ አሳልፈን፣ ገበያ የመጡ ጎረምሶች ጠርተን፣ ቃሬዛ እንደሚያነሣ ሰው ‹‹በል! በል!›› ብለን ነው። አንገቷን ለመሙላት ከሌላ የተጣለ ላንድሮቨር ጣራ አሉሚኒየም ቆረጥን። በእኛ ብየዳ አሉሚኒየም አይያዝም፣ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ስለዚህ በሪቬት መታነው። አሉሚኒየምና ብረት በቀጥታ ከተነካኩ ደግሞ እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ይህን ማንም መጽሐፍ አላስተማረንም፤ አሮጌዎቹን ስንፈታ ያየነው ነው። በየመገናኛቸው የካላማንዳሪያ ቁራጭ ጣልንበት። ካቢናው ሻንሲው ላይ የሚያርፍበትን ወፍራም ጎማ የቆረጠልን በረባሶ ሰፊ ነው። ከገበያው ጠርቶ ያመጣው አለቃዬ ነው፤ ጎማ በቢላዋ እንደሱ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው አልነበረንም።

ዳሽቦርዷን ስንፈታ በቀኝ በኩል ተደፍነው የቀሩ ቀዳዳዎች አገኘን። መሪዋ በፊት በቀኝ ነበር ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና በግራ መንዳት ቀርቶ በቀኝ የሆነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ይህች መኪና ከዚያ በፊት ገብታ፣ በኋላ መሪዋ ወደ ግራ ተዛውሯል። የቀደሙት ላንድሮቨሮች የፍጥነት መለኪያቸው ከመሐል ስለሆነ መሪን ከቀኝ ወደ ግራ ማዛወር ብዙ አያስቸግርም። ያን ቀዳዳ የደፈነው ባትላሜራ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ዳሩ ግን ቁራጩን ከውስጥ በኩል አስገብቶ፣ ከውጭ እንዳይታይ አድርጎ፣ ጠርዙን ሞርዶ ነው የሠራው። ማንም በማያየው ቦታ። ጣቴን አሳልፌበት ስፌቱን ለማግኘት ቸገረኝ።

ካቢናው ወደ ኋላ ስለ ሄደ የመሪው ዘንግ አጠረ። መሪ በብየዳ አይቀጠልም። አለቃዬ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ በቶርኖ ወፍራም እጅጌ አስቀርጾ፣ በአራት ብሎን አሳስሮ መጣ። የማርሽ ዘንጉን በእሳት አግለን ወደ ሹፌሩ አጎነበስነው። የቶዮታው ጎማዎች ወደ ውጭ ስለሚወጡ ለፓራፋንጎዎቿ ከንፈር አወጣንላት። ያልነካነው የኋላ ስፖንዳዋን ብቻ ነው፤ ባለቤቷ የጻድቁ ስም ቀለም እንዳይነካው ለምኖናል።

በጥር መጀመሪያ ወጣች፤ ለንግሡ ደረሰች። የግሽ ዓባይ ልጆች በመጀመሪያው ቀን ‹‹አንገተ ረጅሟ›› አሏት፤ ስሟ በዚያው ጸና። ከጥሊሊ ወደ ሰከላ የሚወስደውን ዳገት ዱሮ በሁለት እረፍት ነበር የምትወጣው፤ አሁን ሳትቆም ወጣችው።

ከዚያ የሊብሬው ነገር መጣ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እንዲህ ያለ ለውጥ ፈቃድ ይፈልጋል። ቀድመን መጠየቅ ነበረብን፣ ይህ ጥፋት የእኛ ነው። ቢሆንም አምስት ወር ሙሉ ነገ ተመለሱ ሲባል የከረመው ሰው ድንቹ እየበሰበሰበት ነበር፤ ይህን ሳስብ ዛሬም እቆጫለሁ። በመጨረሻ አንድ ወጣት መርማሪ ከሥሯ ገብቶ የሻንሲ ቁጥሩ ላይ ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ፈግፍጎ አነሣ። በሕግ ፊት መኪና ማለት ሻንሲው ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ቶዮታ ሆነች፤ የአባቱ ላንድሮቨር ከመዝገብ ተሰረዘች። ባለቤቷ ሊብሬውን ይዞ ጋራዥ መጥቶ ‹‹አባቴን ሁለተኛ የቀበርሁት መሰለኝ›› አለኝ። ምን እንደምለው ጠፋኝ። ወስጄ ስፖንዳዋን አሳየሁት፤ ያን ጽሑፍ ያጻፉት አባቱ ናቸው።

ስለ ሥራችን ሲወራ ‹‹መኪና ማበላሸት›› የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ሙያውን ካለማወቅ የመጣ ፍርድ አድርጌ እወስደዋለሁ። ታላቁ ሮልስ ሮይስ እንኳ እስከ ሁለተኛው ዓለም ጦርነት ድረስ ሞተርና ሻንሲ ብቻ ነበር የሚሸጠው፤ አካሉን ገዥው ወደ ወደደው ሠሪ ወስዶ ያሠራ ነበር። አዲስ አበባን ስንት ዘመን ያጓጓዘው ውይይት ምን ነበር? ከኋላው አግዳሚ የተገጠመለት ፒክአፕ ነው። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ስለሚተያይ፣ ዘመኑም የአብዮቱ የውይይት ክበብ ዘመን ስለነበር ስሙ ወጣለት። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ሕዝብ የሚያመላልሰው አውቶቡስስ? የአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ የተሠራ አካል ነው። ሕዝቡም ያለ ማንም አስተማሪ ስሙን አወጣለት፦ ቅጥቅጥ። እናቴን ያስለቀሰ ቃል መናኸሪያ ውስጥ ‹‹ቅጥቅጥ ነው፣ ምቹ ነው፣ ግቡ!›› ተብሎ ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ።

ሥራውም አልቀነሰም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ከጣለ ወዲህ ያለውን ማቆየት የግድ ሆኗል። ዱሮ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ በቀላሉ የምናስመጣው በር ዛሬ የወር ደሞዝ ነው። ስለዚህ እንደገና ወደ መዶሻው።

እናቴ በ2009 ዓ.ም. ሕመም ጸናባትና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያደረሰቻት ያቺው አንገተ ረጅሟ ናት። ጋቢና አስቀምጠዋት፣ እኔ ከኋላ ነበርሁ። ስትወርድ በሩን በመዳፏ ዳበሰችውና ‹‹ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?›› አለችኝ። አዎ አልኋት። ‹‹አይንገጫገጭም›› አለች።

የላንድሮቨሯ አሮጌ ሻንሲ ብዙ ጊዜ ጋራዣችን ጥግ ተኝቶ ቆየ። የኋላ አክስሉን የጋሪ ሠሪ ወሰደው። ባልስትራዎቿን ግን ፈትቼ ሰከላ ይዣቸው ወጣሁ፤ በልጅነቴ ፊቴን ሸፍኜ ወደማልፍበት ደጅ። ሰውየው አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። ‹‹አያ፣ ይህን ብረት ለወንድሜ ማረሻ አውጣልኝ›› አልሁት። አንዱን ቅጠል ከሌሎቹ ለይቶ አነሣና በመዶሻ ነካ አደረገው፤ ጆሮውን አስጠግቶ ድምፁን ሰማ።

‹‹ደግ ብረት ነው›› አለ። ቤት ገብተን ጠላ ቀዳልኝ፤ ጠጣሁ። ከዚያ እሱ ብረቱን እሳት ውስጥ ከተተው፤ ወናፉን እኔ ነፋሁለት።